ባዶውን የተለካ ጎማ

ሀሚድ በዚያ ሳምንት ጤነኛ አልነበረም። ትኩሳት የለው፣ ራስ ምታት የለው፤ የያዘው ደስታ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሰብሪያ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «አክስቴ ሐሙስ ከድሬዳዋ ትመጣለች። ከመናኸሪያ አንተው ተቀበላት። እሷ ካየችህ በኋላ መልሴን እነግርሃለሁ» አለችው። አግቢኝ ሲላት ሁለት ዓመት ሙሉ «እስቲ ቆይ» ስትል የኖረች ልጅ ቀን ቆረጠች ማለት ነው! ሀሚድ ከሱቋ ወጥቶ ታክሲው ውስጥ ገባና ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ብቻውን እየሳቀ ተቀመጠ። አንድ ተሳፋሪ መጥቶ በሩን ሲከፍት «ዛሬ በነፃ ነው» ሊለው ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአክስቲቱ ላይ ነበር። ሰብሪያን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እትዬ ፈትሂያ ናቸው፤ እሳቸው «አይሆንም» ያሉት ነገር ሆኖ አያውቅም። የከፋው ደግሞ ሟች ባላቸው የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበሩ ሠላሳ ዓመት ከጎናቸው ተቀምጠው በረሃ ለበረሃ ሲዞሩ የኖሩ ሴት መሆናቸው ነው። የጎማ ንፋስ በተረከዛቸው መትተው ይለካሉ ይባላል። «አክስቴ ወንድን የምታውቀው በመኪናው ነው» ብላዋለች ሰብሪያ፣ እንዲያው ለጨዋታ። ሀሚድ ግን የሰማው እንደ ሕግ ነበር።

የእሱ መኪና ነጭ ቪትዝ ናት። ሐርጌሳ ውስጥ ነጭ ቪትዝ መያዝ በፍየል መንጋ መሐል ነጭ ፍየል መሆን ነው። መሪዋ በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ፤ ሹፌሩ ከአስፋልቱ ዳር ከቆመ ሁሉ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ይነዳል። ቸርኬዎቿ ደግሞ የፋብሪካ ናቸው፣ ዝገት የበላቸው፣ አንዱ ጠርዙ የጎበጠ። ይህችን መኪና ይዞ በእትዬ ፈትሂያ ፊት መቆም በቁምጣ ኒካህ እንደማሰር ሆኖ ታየው። ስለዚህ የማክሰኞን ሥራ ትቶ ወደ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ ወደ ዱዓሌ ጎማ ቤት በረረ።

ዱዓሌ ጎማ ሲሸጥና ሲገጥም ሃያ ዓመት ሆኖታል። ልጅነቱን ጅግጅጋ ስላሳለፈ አማርኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ሀሚድ ገና ከመኪናው ሳይወርድ አራቱን ቸርኬዎች ከግድግዳው ጋር ተደርድረው አያቸው፤ አስራ ሰባት ኢንች፣ ጥቁር፣ ጠርዛቸው ፊት የሚያሳይ። ቀልቡ ከላዩ ላይ በርሮ እነሱ ላይ አረፈ።

«ለዚህች?» አለ ዱዓሌ ቪትዟን በአገጩ እየጠቆመ። «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ይህች እኮ ከፋብሪካ ስትወጣ አስራ አራት ነው ያደረገችው።»

«ሐሙስ የክብር እንግዳ እጭንባታለሁ። ቀዳዳው አይገጥምም?»

«ቀዳዳው ይገጥማል። ቁልፉ ስለገባልህ ቤቱ ያንተ ነው እንዴ?»

ሀሚድ ሳቀ። በዚያ ቀን ግንብ ቢወድቅበትም ይስቅ ነበር። ዱዓሌ ግን የሥራ ሰው ነውና አንድ ጎማ አንከባሎ አምጥቶ ጎኑ ላይ የተጻፈውን በጣቱ ማስረዳት ጀመረ። «ሦስት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ወርዱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። የመጨረሻው ቸርኬው ነው፣ በኢንች። ሰው የሚያሳብደው የመሐለኛው ነው። እሱ የጎማው የጎን ቁመት ነው፣ ግን ብቻውን አይነበብም፤ ከወርዱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማጠር አለበት። ተደምሮ ሲታይ ከድሮው ቁመት ብዙ መራቅ የለበትም። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ሀሚድ፣ ዓይኑን ከቸርኬው ሳይነቅል።

«ለአስራ ሰባት የሚሆንልህ 205 በ40 ነው። እሱም ለኛ ድንጋይ ስስ ነው። የኔን ምክር ከሰማህ አስራ አምስት ቸርኬ ውሰድ፣ 185 በ55። ያምርልሃል፣ ይመችሃል፣ የትም አይነካብህም።»

ሀሚድ 205 በ40ውን አየው፤ ቸርኬው ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ሪባን መሰለው። ከጎኑ ደግሞ 205 በ45 ተቀምጧል፤ ሞላ ያለ፣ ደረቱን የነፋ፣ ለሐርጌሳ ድንጋይ የማይበገር የሚመስል። «ልዩነቱ አምስት ናት! አምስት ምን አላት?» አለ።

«ያቺ አምስት ከላይ አንድ ሴንቲ ናት፣ ከታችም አንድ ሴንቲ ናት። ከድሮው ጎማህ ጋር ሲተያይ ደግሞ በሦስት ሴንቲ ይበልጣል።»

«ሦስት ሴንቲ!» ብሎ ሀሚድ እንደገና ሳቀ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አስገጠመው። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ምንም አልነካም። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ምንም። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አየህ?» አለ።

«ባዶዋን እኮ ናት» አለ ዱዓሌ።

«እኔ አለሁባት!»

ሀሚድ ከነጫማው ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነው። እሷንም ሃምሳ ስምንት ኪሎ ያሳረፋት በቀኝ በኩል ነው። በግራ በኩል ንፋስ ነበር የተቀመጠው። ዱዓሌ ግን ክርክሩን ትቶ ነጭ ጠመኔውን አነሳና ወደ ጓዳ ገባ።

ሀሚድ በቀጥታ ወደ 31 ሜይ ሰፈር፣ ወደ ሰብሪያ ሱቅ ነዳ። በየመስታወቱ የራሱን ጎማ እያየ ስለነበር ሁለት ጊዜ መታጠፊያ አለፈው። ሰብሪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ከአጠገብዋ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሆዶም ወጣች፤ ሆዶ ሳቋም አካሏም ሰፊ የሆነ ሴት ናት፣ አማርኛዋን የለቀመችው ከሰብሪያ ደንበኞች ነው። «ማሻአላህ! ሙሽራ አደረግካት እኮ!» ብላ አጨበጨበች።

ሰብሪያ አላጨበጨበችም። እንዲህ ናት እሷ። ከሱቋ አንድም ልብስ ሳይቀመጡበት አይወጣም። ደንበኛዋ ዲሪያዋን ለብሳ፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ በራሷ ተደንቃ ስትሽከረከር ሰብሪያ አጭሯን ዱካ በእግሯ ገፋ ታደርግና «ተቀመጪበት» ትላለች። «ቆሞ የሚያምር ልብስ ሞልቷል፤ ሰርግ ላይ ግን ሰው ይቀመጣል።» አሁንም ጎንበስ ብላ ጣቷን በጎማውና ከላዩ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መሐል ሰደደች። አንድ ጣት ገባ፣ ሁለተኛው አልገባም።

«ተቀምጠውበት አይተኸዋል?» አለችው።

«እየነዳሁት መጣሁ አይደል?»

«ተቀምጠውበት ነው ያልኩህ። ሐሙስ የምትጭነው ሰው ነው።»

«ሰብሪያዬ፣ ይሄ ጎማ ነው፣ ቀሚስ አይደለም። ይልቅ ያንን ሸሚዝ መቼ ነው የምትሰፊልኝ?» ይህን ከጠየቃት ዓመት አልፎታል። እሷም ሁልጊዜ የምትመልስለትን መለሰች፤ «ለየትኛው ቀን እንደምትለብሰው ሳላውቅ የሰው ልክ አልወስድም።»

ሐሙስ ከሰዓት ሀሚድ፣ ሰብሪያና ሆዶ መናኸሪያ ደረሱ። ሆዶን ማንም አልጠራትም፤ እንዲህ ያለውን ቀን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምታሳልፍ ሴት አይደለችም። ከድንበሯ ከተማ ከወጃሌ የመጣችው መኪና አቧራዋን እያራገፈች ቆመች፣ በሩ ተከፈተ፣ እትዬ ፈትሂያም ወረዱ። ሀሚድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የጠበቀው ከሰብሪያ ጋር የሚመሳሰል ቀጭን ሰው ነበር። የወረዱት ግን ወንበሩን ሁለት ሰው የከፈለበት የሚመስል ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ከኋላቸውም ሁለት ሳጥን ማንጎ።

ሰላምታው፣ መሳሳሙ፣ የቤተሰቡ ደህንነት አንድ በአንድ ተጠየቀና አለቀ። ከዚያ እትዬ ፈትሂያ ቪትዟን ዞሯት። በያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ቆመው በተረከዛቸው ጠብ፣ ጠብ አደረጉ።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «ያበራል።»

ያበራል! ሀሚድ ማንጎውን እንዴት እንደጫነ አያስታውስም። እሳቸውን በግራ በኩል ከፊት አስቀመጣቸው። ሆዶ ከእሳቸው ኋላ ገባች፣ ሰብሪያ በሌላው ጥግ፣ በመሐላቸው ማንጎ። ቪትዟ አንዴ ተንፍሳ ወደ ግራ ዘመም አለች። እሱ ግን ያየው ነገር የለም፤ ሰማይ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ከታች «ግርርርር!» አለ።

«ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ፈትሂያ።

«መንገዱ ነው፣ እትዬ። የሐርጌሳ መንገድ፣ ያው እንደሚያዩት...» አለ። ወደ ኋላ በመስታወቱ ቢመለከት የሰብሪያ ዓይን እየጠበቀው ነበር። እትዬ ፈትሂያ «እህ» አሉ። ሁለት ዓመት የጠበቀው መልስ በዚያች «እህ» ውስጥ ሲቀልጥ ታየው።

ከዚያ አዲሱ አስፋልት መጣ፤ አንድ ጠጠር የሌለበት፣ እንደ ሰሌዳ ለጥ ያለ። ሀሚድ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ። መኪናዋ ሸክሟን ሁሉ ወደ ግራ ጣለችና «ግርርርርርር!» ብላ ጮኸች፤ ከፊትም ከኋላም፣ መንገድ ዳር የተኛ ድመት ዘሎ እስኪነሳ ድረስ። እዚህ ላይ መንገዱን የሚከስ ሰው ሌላ አፍ ያስፈልገዋል።

ሀሚድ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። «እትዬ፣ ዋሸሁ» አለ። «መንገዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የማይሆን ልክ ነው ያስገጠምኩት። ባለ ጎማው ነግሮኝ ነበር፣ ሰብሪያም ነግራኛለች፤ አማረኝና አስገጠምኩ። ለርስዎ እንዲያምር ብዬ ነው።»

እትዬ ፈትሂያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሀሚድ አስለቀስኳቸው ብሎ ደነገጠ። ሻሹ ሲወርድ ግን በሳቅ እንባ ታጥበዋል።

«የኔ ሰውዬ አላህ ይማረው፣» አሉ መናገር ሲችሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገዱ ነው ሲለኝ ኖሮ ሞተ። ጎማው ሲነካ መንገዱ ነው። ባለስትራው ሲሰበር መንገዱ ነው። አንድ ጊዜ የቆመ ግንብ ገጭቶ መንገዱ ነው ብሎኛል! አንተ በሁለት ጉብታ አመንክ?»

«አንዱ ጉብታ አልነበረም፣ መታጠፊያ ነው» አለች ሆዶ ከኋላ።

በዚህ ጊዜ ሰብሪያም አልቻለችም። ሳቋ ቪትዟን ሲያናውጣት ጎማው ባለበት ቆሞ ራሱ «ግር» አለ፤ ይህን ሲሰሙ አራቱም ተያይዘው ሳቁ። ሀሚድ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እትዬ ፈትሂያ ግን ነገር በሳቅ ብቻ የሚተው ሰው አልነበሩም። «በሉ ውረዱ። የት ጋ እንደሚነካ ይታይ» አሉ። ሆዶ ወረደች፤ ጎማው ዝም አለ። ገባች፤ ነካ። «እኔን ጥፋተኛ አታድርጉኝ!» ብላ ጮኸች። ከማዶ ሻይ ቤት የነበሩ ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጡ። ነገሩ ሲተረጎምላቸው እያንዳንዱ ሐሳብ ነበረው። አንዱ ሞላው ይቀየር አለ፣ አንዱ ማንጎው ይበላ አለ። ጺማቸውን ሂና የቀቡ አንድ ሽማግሌ ክብደታቸው እንዲሞከር ፈለጉ፤ ከነከዘራቸው ገብተው ቢቀመጡ ጎማው ድምፅ አላሰማም። ቅር ብሏቸው ወረዱ።

ዱዓሌ ቤት ቅርብ ነበር። ጎማው እንዳይቀደድ ሀሚድ ብቻውን በቀስታ እንዲነዳ፣ ሌላው በእግሩ እንዲከተል ተወሰነ። እንዲህ ያለ ጉዞ ታይቶ አይታወቅም። የምታብረቀርቅ ባዶ ቪትዝ ከፊት፣ ከኋላዋ እትዬ ፈትሂያ፣ ከእሳቸው ኋላ ማንጎ የተሸከሙ ሁለት የሻይ ቤት ሰዎች፤ ሆዶ ደግሞ ዝም ብሎ መሄድ ስለማይሆንላት እልልታዋን አቀለጠችው። ሱቆች ውስጥ ያሉ ሴቶች እየወጡ እልልታውን ተቀበሉ። «ሙሽራዋ የታለች?» ብላ አንዷ ስትጠይቅ ሀሚድ በተከፈተው መስኮት ሰማ። ሆዶ በጣቷ ሰብሪያን አሳየች። ሀሚድ በመስታወቱ አየ። ሰብሪያ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። አይደለሁም አላለችም። ሀሚድ የቆመ የአህያ ጋሪ ሊገጭ ለጥቂት ተረፈ።

ዱዓሌ ሰልፉን በር ላይ ቆሞ ተቀበለው። «ደረሳችሁ?» አለና ወደ ጓዳ ገብቶ አራት ቸርኬ ከነጎማቸው እያንከባለለ አመጣ፤ አስራ አምስት ኢንች፣ ብርማ፣ 185 በ55። በእያንዳንዱ ላይ ማክሰኞ ዕለት በነጭ ጠመኔ ተጽፎበታል፦ «ሀሚድ፣ ሐሙስ።»

«እንዴት አወቅህ?» አለ ሀሚድ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ ስሸጥ ምን የምማር ይመስልሃል?»

ሰብሪያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጎንበስ ብላ የአሮጌውን ጎማ ቁመት ከአፈር እስከ አናት ለካች፤ ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ከምናምን። ማክሰኞ የተገጠመውን ለካች፤ ከስድሳ አንድ በላይ። የአሁኑን ለካች፤ እንደ አሮጌው ሃምሳ ስምንት ከምናምን ሆነ። «ወርዱ ሰፍቷል፣ ቸርኬው አድጓል፣ ቁመቱ ግን የራሷ ነው» አለች ለአክስቷ። «ትከሻዋን አስፍተን ርዝመቷን እንደመተው ነው።» እትዬ ፈትሂያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዱዓሌ ደግሞ ሃያ ዓመት ሲያስረዳ የኖረው ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲያልቅ ሰምቶ ሰብሪያን ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

ጎማው ተገጠመ። ቡሎኑ ጠበቀ። ከዚያ ሰብሪያ የመኪናዋን በር ከፍታ፣ ለደንበኞቿ በምትለው ድምፅ «ተቀመጡበት» አለች። እትዬ ፈትሂያ ከፊት፣ ሆዶ ከኋላ፣ ዱዓሌም ልብሱ ቅባት ነው ቢልም ተገፍቶ ገባ፣ ማንጎውም ገባ። ሀሚድ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ወደ ግራ ጠመዘዘ። የሰፈሩን ጉብታ ሁሉ አንድም ሳያስቀር ወጣ፣ ወረደ። ከታች ምንም የለም። ከላይ ብቻ ሆዶ በየጉብታው እልል ትላለች፣ እትዬ ፈትሂያ «ወላሂ፣ እንደ አልጋ!» ይላሉ፣ ዱዓሌ ማንጎ እየላጠ ነው።

ተመልሰው ሲወርዱ እትዬ ፈትሂያ በአዲሱ ጎማ ላይ ተረከዛቸውን ጠብ አደረጉ። ወደ ሰብሪያ ዞረው፣ «እኔ አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ማንጎአቸውን ሊቆጣጠሩ ሄዱ።

ሀሚድ ግቢው መሐል እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ። ሰብሪያ መልሷን ትናገር እንደሆነ ዓይን ዓይኗን ያያል። እሷ አላየችውም። ከተፈቱት ከእነዚያ ሞላ ያሉ 205 በ45 ጎማዎች ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበችና በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ሜትሩ ከትከሻው እስከ ትከሻው ሲዘረጋ ተሰማው፣ ከዚያ ከአንገቱ እስከ እጁ አንጓ፣ ከዚያ በደረቱ ዙሪያ። «ለየትኛው ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ትንፋሽህን አትያዝ» አለች ሰብሪያ፣ ሜትሩን በአንድ ጣት እያላላች። «ሙሽራ ብዙ ሰዓት ነው የሚቀመጠው።»